ሮቶ ውስጥ ያደገች ሮቦት

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ውሃ ውስጥ የሚገባ ማሽን ነው የምትሠራው» ትልና፣ ስኒዎቹን ቀድታ እስክትጨርስ ዝም ብላ፣ «ውሃው ግን ገና አልተገኘም» ትላለች። ቡና የሚጠጣው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ እውነቷን ስለሆነ ምን እላታለሁ? ደብረ ብርሃን ላይ «ባሕር» የሚል ቃል ያለበት ነገር ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። በረሳ ወንዝ አለ፤ ነሐሴ ላይ ያገሣል፣ ግንቦት ላይ በግ የሚጠብቁ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በኅዳር ውርጭ ጣቱ ቆፍኖ የሚኖር ሰው ስለ ውቅያኖስ ሮቦት ሲያወራ ቢሳቅበት አይፈረድም።

ባለፈው ቅዳሜ እኔና ተማሪዎቼ ሮቦታችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢ ውጭ ውሃ ውስጥ ከተትናት። ስለዚያ ቀን ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት፤ ግን ወደ ኋላ ሳልመለስ ብጀምር የቅዳሜው ነገር ተራ የጭቃ ሥራ ይመስላል። (የጭቃ ሥራም ነበር።)

ነገሩ የጀመረኝ ደብረ ሲና፣ ገና ተማሪ እያለሁ ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቤሩት ተነስቶ ደቂቃዎች ሳይቆይ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። 90 ሰው ተሳፍሮበት ነበር፤ አንድም አልተረፈም። ቤታችን ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ አልተዘጋም። «ጥቁር ሣጥን» የሚለውን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው። አባቴ «ባሕር ሥር የወደቀ ሣጥን በምን ተአምር ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ፤ ቤቱ ውስጥ የሚመልስለት አልነበረም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሣጥኑ ወጣ ተባለ። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳነብ፣ ከዚያ አደጋ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2009 አንድ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን አትላንቲክ ላይ ጠፍቶ እንደነበር አወቅሁ። እዚያ ውሃው 3,900 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ጠላቂ ሰው የሚደርስበት አይደለም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሬሙስ የሚባሉ ሮቦቶች ወረዱ። ከወለሉ ጥቂት አሥር ሜትሮች ከፍ ብለው፣ በጎን በሚተኩሱት ድምፅ ወለሉን እየዳሰሱ፣ ልክ እንደ በሬ ትልም በትልም ሄደው መጡ፣ ሄደው መጡ። በኤፕሪል 2011 መጀመሪያ፣ የመጨረሻው ዙር ፍለጋ በተጀመረ በሳምንት ገደማ ስብርባሪውን አገኙት። አባቴ ያኔ በሕይወት ስለነበር ደውዬ ነገርኩት። «ታዲያ ማረስ ነው በይኛ» አለኝ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ኖርዌይ ሄድኩ፤ ከተመረቅሁም በኋላ እዚያው ላቦራቶሪ ትንሽ ሠራሁ። ላቦራቶሪው ገንዳ ነበረው፦ ሦስት ሜትር የሚጠልቅ፣ ሥሩ የወደቀ ሳንቲም የየት አገር እንደሆነ ከላይ የሚለይበት ጥርት ያለ ውሃ፣ ነፋስ የለ፣ ማዕበል የለ። የላቦራቶሪው ሮቦት እዚያ ውስጥ እስክስታ ነው የምትወርደው። «ሁለት ሜትር ላይ ቁሚ» ካልናት ትቆማለች፣ «ዙሪ» ካልናት ትዞራለች። እኛም ቪዲዮ እየቀረጽን አጨበጨብን። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል።

ከዚያ ወደ ፊዮርድ ወሰድናት፤ በተራሮች መሃል ገብቶ የተኛ የባሕር ክንድ ነው። ጀልባዋ ላይ በሸራ ማንጠልጠያ አወረድናት። አልሰጥምም አለች። ሞተሮቿ ወደ ታች ይገፋሉ፣ እሷ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ትንሳፈፋለች። ምክንያቱን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን የባሕር ውሃ ከነጨው 1,025 ግራም ያህል ይመዝናል። ሮቦታችን 40 ሊትር ያህል ውሃ የምትገፋ ነበረች። 25 ግራምን በ40 አባዙት፤ 1 ኪሎ። የገንዳው ውሃ ከቧንቧ የመጣ ስለነበር፣ ባሕር ላይ አንድ ኪሎ ስኳር የሚያህል ክብደት ጎድሎባታል። መጽሐፉን ሁላችንም አንብበነዋል፣ ፈተናውንም አልፈነዋል። አንድ ኪሎ እርሳስ ግን ጀልባው ላይ ማንም አልያዘም።

በማግስቱ እርሳሱን አስረን ተመለስን። አሁን ደግሞ እንደ ድንጋይ ወረደችና አራት ሜትር ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች፤ ትንሽ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች። የዚያን ቀን የወረደችበት ቦታ ወንዝ የሚገባበት አፍ አጠገብ ነበር። የወንዙ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከጨዋማው ጋር ቶሎ አይቀላቀልም፤ እንደ ቅባት ላዩ ላይ ይተኛል። ሮቦቷ በላይኛው ውሃ ውስጥ ከባድ ነበረች፣ ታችኛው ላይ ስትደርስ ቀለለች፤ ኮምፒውተሯም የቱን እንደሚያምን ግራ ገብቶት ሲያዋዥቃት ዋለ። ገንዳ አንድ ውሃ ነው፤ ባሕር ውስጥ ብዙ ውሃ አለ። እኔ ይህን የተረዳሁት ጀልባ ላይ ሆኜ፣ እያስመለሰኝ ነው። የደጋ ልጅ ለማዕበል አልተፈጠረችም።

ሌላው ነገር መነጋገር ነው። ውሃ የሬዲዮ ሞገድን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ሜትር እንደወረደች ስልክ የለ፣ ጂፒኤስ የለ። የሚሄደው ድምፅ ብቻ ነው፣ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ገደማ። ሦስት ኪሎ ሜትር ርቃ ላለች ሮቦት «የት ነሽ?» ብለሽ ብትጮሂላት ጥያቄው ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ፣ መልሱ ለመመለስ ሌላ ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል። መንዝ ውስጥ ከገደል ማዶ ለማዶ ሲጣሩ ያደገ ሰው ይገባዋል፤ ጮኸሽ ትጠብቂያለሽ፣ መልሱ ሲመጣም የሰውየው ድምፅ ይሁን የገደል ማሚቶ ትጠራጠሪያለሽ። ባሕርም ማሚቶ አለው፤ ከላይ ከውሃው ገጽ፣ ከታች ከወለሉ እየነጠረ አንዱን ቃል አራት አድርጎ ያመጣዋል።

ስለ ጨው ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። አሉሚኒየም ላይ የማይዝግ ብረት ቡሎን አስረሽ ባሕር ውስጥ ስትከቺው ሳታውቂ ባትሪ ሠርተሻል፤ አሉሚኒየሙም እየተበላ ያልቃል። መፍትሔው የዚንክ ቁራጭ አጠገቡ ማሰር ነው፣ «አንተ ተበላ» ብሎ። ያን ዚንክ እኔ የፋሲካ በግ ነበር የምለው፤ ኖርዌጂያኑ ባይገባቸውም።

አሁን ወደ አንዲት የበግ ጠጉር ልምጣ።

እናቴ ክረምቱን እንዳልሞት ብላ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ሹራብ ልካልኝ ነበር፤ ጥቁር፣ የሚኮሰኩስ፣ ዝናብም ብርድም የማያልፈው። ላቦራቶሪ ለብሼው እገባ ነበር። የሮቦቷ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ክብ የአሉሚኒየም ቱቦ ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ላይ ውሃ እንዳይገባ የሚያደርገው መካኒክ ቤት የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ክብ ጎሚኒ፣ ኦሪንግ የሚባለው ነው። ግራሶ ቀብተሽ ቦዩ ውስጥ ታስተኚዋለሽ፣ ክዳኑን ትገፊያለሽ፣ አለቀ። ገንዳው ውስጥ ሦስት ሜትር ላይ ሌሊቱን አሳደርናት፤ ጠብታ አልገባም። ፊዮርዱ ላይ 60 ሜትር ላክናት። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ 60 ሜትር ላይ እያንዳንዷ ጥፍር የምታህል ቦታ 6 ኪሎ ተሸክማለች። መረጃው ሃያ ደቂቃ በጥሩ ሁኔታ መጣ። ከዚያ አንዱ ሴንሰር የማይሆን ቁጥር ማሳየት ጀመረ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ዝም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በሰው ብቻ አይሠራም።

ስናወጣት ቱቦው ግማሽ ድረስ ሞልቷል። አስተማሪዬ አልተቆጣኝም። አጉሊ መነጽር አመጣና ኦሪንጉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ፤ አንዲት ጥቁር ጠጉር በጎሚኒው ላይ ተጋድማለች። ከመንዝ ተነስታ ኖርዌይ ድረስ መጥታ ለውሃ በር ከፈተች። ሹራቡን ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻ ነው የምለብሰው። እናቴ ይህን ታሪክ እስካሁን አታውቅም፤ ብሎጌንም ስለማታነብ ሰላም ነን።

ያን ሰሞን ያጽናናኝ የሌሎች ኪሳራ ነበር። (ሰው ክፉ ነው።) የአሜሪካው ዉድስ ሆል የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ኔሬየስ የሚባል ሮቦት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ፓስፊክ ውስጥ ካለው ከምድር ሁሉ ጥልቅ ቦታ 10,902 ሜትር ወርዶ ተመልሷል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2014፣ ኒውዚላንድ አቅራቢያ ባለው የከርማዴክ ጥልቅ ገደል 9,900 ሜትር ላይ ሳለ ድምፁ ጠፋ። ስብርባሪው ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ ታየ። እንዲንሳፈፍ የሚያደርጉት የሴራሚክ ኳሶች ነበሩት፤ ከእነሱ አንዱ በግፊቱ ተሰብሮ ሌላውን ሁሉ ይዞ እንደሄደ ነው የሚገመተው። ከዚህ የበለጠ ጥልቀት ችሎ የተመለሰ ማሽን ነው ይህ የደረሰበት።

እንግሊዞችም ኦቶሰብ የምትባል ሮቦታቸውን በፌብሩዋሪ 2005 አንታርክቲካ ውስጥ ፊምቡል በሚባለው የበረዶ ግግር ሥር አስቀርተዋታል። እስካሁንም እዚያው ነች። ከእነሱ ግን አንድ ነገር ተማርኩ፤ ዛሬም የምሠራበት እሱን ነው። ቀጣይዋን ሮቦት ወደ በረዶ ሥር ከመላካቸው በፊት ቀድሞ በየጉዞው የተበላሸውን ነገር ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ መዝግበው ለባለሙያዎች ሰጡና «ይህ ብልሽት በረዶ ሥር ሆኖ ቢደርስ ኖሮ ሮቦቷ የመጥፋት ዕድሏ ስንት ነበር?» ብለው አንድ በአንድ አስገመቱ። በጉራ ሳይሆን በብልሽት ዝርዝር ወሰኑ ማለት ነው። አዲሷ ኦቶሰብ በ2009 ፓይን አይላንድ በሚባለው ግግር ሥር ገብታ ወጣች።

አገሬ ስመለስ ታዲያ ከሁሉ በፊት የገዛሁት ሞተር አይደለም፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ መስመር ደብተር ነው። ላዩ ላይ «የብልሽት መዝገብ» ብዬ ጻፍኩበት። ተማሪዎቼ «የኃጢአት መዝገብ» ይሉታል።

አሁን የማስተምርበት ቦታ ገንዳ የለም። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ፤ ውሃ ሲጠፋ ለሽንት ቤት የሚያገለግል። ከጥገና ክፍሉ ጋር ተለማምጬ ቅዳሜ ቅዳሜ ክዳኑን ከፍተው እንዲሰጡኝ አደረግሁ። የሮቶው አፍ ጠባብ ነው፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ሮቦታችን ቅርጿን ያገኘችው ከባሕር ሳይሆን ከሮቶ አፍ ነው፤ ስፋቷ 36 ሴንቲ ነው፣ ለምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሁሉ እውነቱን እንናገራለን። አካሏ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የተገዛ የፒቪሲ ቱቦ፣ ክዳኖቿ ቶርኖ ቤት የተሠሩ ናቸው። ቶርኖ ሠሪው የኦሪንጉን ቦይ ሦስት ጊዜ ደግሞ ሠራልን፤ በሦስተኛው «ይኸ የጥርስ ሐኪም ሥራ ነው» አለኝ። ሞተሮቹ ከውጭ ታዝዘው ሰባት ወር ፈጁ። ስለዚያ ሰባት ወር አልጽፍም፤ ደሜን ከፍ ያደርገዋል።

የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ሮቶው ውስጥ ሳትገባ፣ አንዱ ተማሪዬ ላፕቶፑን እያየ «ቲቸር፣ ሮቦቷ እየበረረች ነው» አለኝ። ጥልቀት መለኪያው ከዜሮ በታች 3 ይላል፤ ማለትም ከውሃው ገጽ 3 ሜትር ከፍ ብላለች። ሴንሰሩ ጥልቀትን የሚያሰላው ከግፊት ነው፤ የሠራው ፋብሪካ ደግሞ ሰው ሁሉ ባሕር ዳርቻ የሚኖር መስሎታል። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ እኛ ዘንድ 72 ገደማ። የጎደለው 29 ኪሎ ፓስካል በውሃ ሲለካ 3 ሜትር ያህል ይሆናል። ማስተካከያው አንድ መስመር ኮድ ነው። ግን ተማሪዎቹ ያን ቀን የሳቁት ሳቅ፣ ከዚያም አንዷ ልጅ ሳይነገራት በወረቀት አስልታ ያመጣችው «3» ቁጥር፣ የዓመቱ ምርጥ ትምህርቴ ነበር። መዝገቡ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ ተጽፏል፦ «በረረች»።

ከዚሁ አንድ ነገር አተረፍን። በጣርማ በር ወርዶ የሚያውቅ ሰው የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ላይ ጠጥተሽ የከደንሽው ጠርሙስ ዋሻውን አልፈሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ተጨማዶ ታገኚዋለሽ። ውጪ ያለው አየር ከብዶ ይጫነዋል። «ታዲያ ቱቦውንም እንዲሁ ለምን አንፈትነውም?» አልኩ። ባለገንዘቦቹ ላቦራቶሪዎች የአየር መምጠጫ ፓምፕ አላቸው፤ ከቱቦው ውስጥ አየር ይመጥጡና ግፊቱ መልሶ ከፍ ካለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። እኛ ፓምፕ የለንም፣ ተራራ ግን አለን። ደብረ ብርሃን ላይ ውስጧ ግፊት መለኪያ አስቀምጠን ዘጋናት፤ እኔ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሸዋ ሮቢት፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ይዣት ወረድኩ። አንድ ሌሊት አሳደርኳት። ቆላው ሞቃት ስለሆነ ውስጧ ያለው አየር በሙቀት ብቻ ትንሽ ግፊት ይጨምራል፤ ያን ቀንሰን ስናየው መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። አላስገባችም። ዋጋው የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና አንድ ሳህን ጥብስ።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ኬላው ነው። ሽቦ የወጣበት ድፍን ቱቦ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ኬላ ላይ መገኘት ምን እንደሚመስል ለአንባቢ እተወዋለሁ። ወርጄ፣ ከፍቼ፣ አስረድቼ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠብቆኝ አለፍን። አንዲት እናት ስንሳፈር «ልጄ፣ ባሕር ሳትደርስ ልታስጨርሰን ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሠራነው ቱቦ በሁለቱም ጫፍ ብርሃን የሚያሳልፍ ክዳን አለው። ለካሜራው ነው እንላለን።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚፈልጉት ብልህ ሮቦት ነው፤ ራሷ የምታስብ፣ ራሷ መንገድ የምትመርጥ። እኔ ደግሞ የምነግራቸው ስለ አርጎ ተንሳፋፊዎች ነው። የሰው ቁመት የሚያክል ቱቦ ነው፣ ወደ ፊት የሚገፋው ሞተር የለው፣ ክንፍ የለው። 1,000 ሜትር ላይ ወርዶ ከውሃው ጋር ይንሳፈፋል፤ በየ10 ቀኑ ወደ 2,000 ሜትር ይወርድና ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ለሳተላይት ይናገራል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ወደ 4,000 የሚጠጉ በዓለም ባሕሮች ላይ ተበትነዋል። ውቅያኖስ ምን ያህል እየሞቀ እንደሆነ በአብዛኛው የምናውቀው ከእነዚህ ሰነፍ ከሚመስሉ ቱቦዎች ነው። እኔ በበኩሌ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ባሕር ላይ ኑሮውን እንደዚህ የመሠረተ ሌላ ሮቦት አላውቅም፤ የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ስለሆነ ይመስለኛል።

ወይም ደግሞ የአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለላኳት ተንሸራታች ሮቦት እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ2008 አዞረስ ደሴቶች አካባቢ ጠፋችባቸው። ሁለተኛዋ በኤፕሪል 2009 ከኒው ጀርሲ ተነስታ፣ ሆዷን ትንሽ እያሰፋችና እያጠበበች፣ ስትወርድም ስትወጣም በክንፏ ወደ ፊት እየተንሸራተተች፣ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት በ221 ቀን 7,400 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ በዲሴምበር ስፔን ደረሰች። በመንገዷ ያስቸገራት ኮዱ ሳይሆን አካሏ ላይ ተጣብቀው የበቀሉ ቅርፊት ያላቸው የባሕር ፍጥረታት ነበሩ፤ ሰው በጀልባ ሄዶ ውሃ ውስጥ ገብቶ ፋቀላት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል። ለእኔ ታሪኩ ሁሉ መፋቂያው ላይ ነው ያለው።

እንግዲህ ቅዳሜ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ የመስኖ ግድብ አለች። ደለል ምን ያህል እንደሞላት ለመለካት ፈቃድ አገኘን። ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ ሮቦቷ ራሷ ትልም በትልም እንድትሄድ ኮድ ሲጽፉ ነበር። ሮቶ ውስጥ ሁለት ርምጃ ሄዳ ግድግዳ ስለምትመታ ሙሉውን ሞክረውት አያውቁም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስን፤ ሣሩ በውርጭ ነጭቷል። ቡሎን ላጠብቅ ብል ካቻቢቴው ከእጄ ይወድቃል። (መዝገብ ቁጥር 58፦ «በቆፈነ እጅ የማይታሰር ቡሎን»። ቢራቢሮ ቡሎን ይሁን ተብሎ ተወስኗል።)

የግድቡ ጥበቃ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሲያዩን ቆዩና፣ «ምን ልታደርጉ ነው?» አሉ። ስለ ደለል አስረዳኋቸው። «ደለሉማ አለ፤ እኔም እነግርሻለሁ» አሉ። «ይልቅ የታችኛው በር ውሃ አልሰጥም ካለ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሰው በገመድ አስረን እንዳናስገባ ፈራን። ያቺ ነገርሽ ዓይን አላት?»

«አላት ጋሼ» አልኩ።

የላትም ነበር። ልክ እንደገባች ስክሪኑ ላይ የመጣው ሽሮ ነው፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ከዳር እስከ ዳር። መብራቷን አበራን፤ ባሰበት። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ያበራ ሾፌር የሚገጥመው ነገር ነው፤ ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ወደ ራስሽ ይመለስና ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ውሃው ውስጥ ያለው ደቃቅ አፈር የእኛን ብርሃን እንዲሁ ወደ ካሜራው መለሰብን። የልጆቹ ኮድም መንገድ ለማወቅ በካሜራው ስለሚተማመን፣ ሮቦቷ አንድ ቦታ ላይ ትዞር ጀመር። ሁለት ወር። የኮዱን አብዛኛውን የጻፈው ልጅ ላፕቶፑን ዘግቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ምንም አላልኩትም፤ ቆሎ ሰጠሁት።

ከዚያ ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ መብራቱን ከካሜራው አጠገብ ፈትተን በግማሽ ሜትር እንጨት ጫፍ ወደ ጎን አሰርነው፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ፊት ለፊት የሚመለሰው ይቀንሳል። ትላልቆቹ የባሕር ሮቦቶችም መብራታቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ነው የሚይዙት። አሁን አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ማየት ቻልን። ሁለተኛ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ርካሽ የድምፅ ጥልቀት መለኪያ ወደ ፊት አዙረን አሰርንና፣ በኬብሉ በእጃችን እየነዳን፣ የግድቡን ግንብ ተከትለን ወረድን። መለኪያው «ግንብ ሁለት ሜትር፣ ግንብ አንድ ሜትር» እያለ ይመራናል፣ ካሜራው የመጨረሻዋን ስንዝር ያያል። ስምንት ሰው ስክሪኑ ላይ ተደፍቷል፤ ጥበቃው ጋሼም ጋቢያቸውን ለጥላ ዘርግተውልናል።

በሩ ላይ ያለው ወንፊት ብረት ታየ። ከዚያ ነጭ ነገር። ከዚያ በነጩ ላይ አረንጓዴ ፊደል። ጥበቃው ከእኔ ቀድመው «ማዳበሪያ!» ብለው ጮኹ። የማዳበሪያ ጆንያ ወንፊቱን እንደ ጨርቅ ለብጦ፣ ከላዩ ቅርንጫፍና ገለባ ተከምሮበታል።

እዚህ ላይ ሮቦቷ በክንዷ ጆንያውን አነሳች ብል ደስ ባለኝ። ክንድ የላትም። የሰፈሩ አንድ ወጣት ረጅም ባሕር ዛፍ ቆርጦ ጫፉ ላይ ከፌሮ የታጠፈ ሜንጦ አሰረ፤ እኛ ስክሪኑን እያየን «ወደ ግራ፣ ዝቅ፣ ቆይ፣ አሁን ሳብ» ስንለው አንድ ሰዓት ገደማ ታገለ። አንድ ጊዜ ሜንጦው ሮቦቷን ራሷን ያዘና ሊጎትታት ነበር። በአራተኛው ሙከራ ጆንያው ተነሳ፤ ታች ውሃው ሲያጉረመርም ሰማን፣ ቦዩ ውስጥ መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ መጣ። ወጣቱ እጁን ትንፋሹ ላይ እያሟሟቀ «ባሕር ዛፉ ነው የሠራው» አለ። ልክ ነው፤ ያለ እሷ ግን የት እንደሚሰድደው አያውቅም ነበር። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ተማሪ «ታዲያ የእኔ ኮድ ምን ሠራ?» አለኝ። «ለጊዜው ምንም» አልኩት፤ ሲዋሹት የሚያውቅ ልጅ ነው። ሰኞ ግን ከክፍል ሁሉ ቀድሞ መጥቶ ካሜራውን ትቶ በድምፅ መለኪያው የሚመራ ኮድ መጻፍ ጀምሮ አገኘሁት።

ደለሉን ሳንለካ መሸ። ጥበቃው ስንሄድ «መቼ ትመለሳለች?» አሉኝ፤ ስለ ሮቦቷ ነው፣ ስለ እኔ አይደለም።

ማታ ቤት ወስጄ ምድጃው አጠገብ ጋዜጣ አንጥፌ ከፈትኳት። ቱቦው ሥር ውሃ አለ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ትሆናለች። ኦሪንጉን አውጥቼ በመብራት አየሁ፣ በአጉሊ መነጽር አየሁ፣ ጠጉር የለም፣ አሸዋ የለም፣ ጭረት የለም። ቦዩን በጣቴ ዳሰስኩ። መዝገቡን ከፍቼ «ቁጥር 63፦ ግማሽ ማንኪያ፣ ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩና ማንኪያውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እናቴ ከጀርባዬ መጥታ አጎንብሳ አየች።

«ውሃው ተገኘ በይኛ» አለች።